በጎቹን ማን አስጾማቸው

(በደጋ አገር የሰኔ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ በዝናባማ ማለዳ፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ገመድ ይዘው በበጎች በረት በር ላይ ቆመዋል፣ የልጃቸው ሚስት ስመኝ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ መንገዱን ዘግታለች፣ የበግ ነጋዴው ሞላልኝ ከአጥሩ ውጪ ይጠብቃል።)

ደብሪቱ፦ ከበሩ ዞር በይ ብዬሻለሁ።

ስመኝ፦ አልዞርም።

ደብሪቱ፦ ሰውዬው ዝናብ እየወረደበት ነው።

ስመኝ፦ ይውረድበት። ዣንጥላ ይዟል፣ አይቼዋለሁ።

ደብሪቱ፦ ስድስቱንም ትወስዳለህ ብዬ ከቤቱ አስመጥቼው፣ አሁን ምን ልበለው? ምራቴ በሩን ይዛ አላሳልፍ አለችኝ ልበለው?

ስመኝ፦ ይበሉት። እውነት ነው።

ደብሪቱ፦ በገዛ በረቴ።

ስመኝ፦ በረቱ የእርስዎ ነው፣ አልካድኩም። በጎቹ ግን ለሴቶች ማኅበር ሲታደሉ የተሰጡት ለእኔ ነው። ከማራቢያ ጣቢያው እዚህ ድረስ በጭቃ እየጎተትኩ ያመጣኋቸውም እኔ ነኝ። ያኔ እርስዎ ደጅ ወጥተው ምን ነበር ያሉት? «ይሄ ጆሮው የተንጠለጠለ በግ ነው ወይስ የፈረንጅ ውሻ?»

ደብሪቱ፦ አሁንም አልተመለሰልኝም።

ስመኝ፦ አይቡ ሲሸጥ ግን ተመልሶልዎት ነበር።

ደብሪቱ፦ የበግ አይብ! እኔ በዚህ ዕድሜዬ በግ ሲታለብ ያየሁት በአንቺ ነው። ማኅበር በሄድኩ ቁጥር ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? «ደብሪቱ፣ ዶሮዋንስ ማለብ አልጀመራችሁም?» ይሉኛል። ጠላውን በአፍንጫቸው እስኪያወጡት ይስቃሉ።

ስመኝ፦ ይሳቁ። አይቡን ወደ ከተማ የሚወስደው ሰው ሲመጣ መኪናውን ከብበው የሚቆሙትም እነሱው ናቸው።

ደብሪቱ፦ አሁን ሳቁን ትተውታል። ሌላ ነው የሚያወሩት።

ስመኝ፦ ምን ያወራሉ?

ደብሪቱ፦ ተይው።

ስመኝ፦ ይንገሩኝ እንጂ። እኔ እንደሆነ እዚሁ በሩ ላይ ነኝ፣ የትም አልሄድም።

ደብሪቱ፦ ግልገሉ የሚጠባውን ጡት ሰው ሲያልበው ማኅፀናቸው ተዘጋ ይላሉ። እግዜር ተቆጣ ይላሉ። በዚያ ቤት የሚወልድ ነገር የለም ይላሉ።

ስመኝ፦ የሚወልድ ነገር የለም።

ደብሪቱ፦ እነሱ ናቸው ያሉት። ከእኔ አፍ አልወጣም።

ስመኝ፦ እርስዎስ ምን መለሱላቸው?

ደብሪቱ፦ ጸበል ጻዲቄን ቀመስኩና ተነሳሁ።

ስመኝ፦ ዝም ብለው?

ደብሪቱ፦ ምን ልበል? ከስድስት በግ አንዷ እንኳ ብታረግዝልኝ አፋቸውን በእሷ አስይዛቸው ነበር። አውራው በግ መጥቶ ከርሞ ሄደ፣ እነዚህ ሣር እየጋጡ ቁጭ። መሲና በግ ክረምቱን ሙሉ አልቀልብም። ሞላልኝ ጾም ሲፈታ ለሥጋ ይፈልጋቸዋል። ይውሰዳቸውና ወሬውም አብሮ ይሂድልኝ።

ስመኝ፦ መሲና አይደሉም።

ደብሪቱ፦ አላረገዙማ።

ስመኝ፦ መሲና ያስመሰሏቸው እርስዎ ነዎት።

ደብሪቱ፦ ምን አልሽ አንቺ?

ስመኝ፦ ሰምተውኛል። አውራው ወደኛ ቤት የመጣው መቼ ነው?

ደብሪቱ፦ ተራችን ሲደርስ ነዋ። አንድ አውራ ለመንደሩ ሁሉ፣ ከቤት ቤት ነው የሚዞረው። ይሄም ይጠየቃል?

ስመኝ፦ ተራችን የደረሰውስ መቼ ነው?

ደብሪቱ፦ በሁዳዴ።

ስመኝ፦ የፋጉሎው ጎተራ የተቆለፈው መቼ ነው?

ደብሪቱ፦ በሁዳዴ። ታዲያ ምን ይሁን? ጾም ነው። ወተት አይጠጣ፣ አይብ የሚወስደው ሰውዬ አይመጣ። የኑግ ፋጉሎ እኮ ከገበያ ተሸክመን የምናመጣው ነገር ነው። ሰው ሽሮውን በውሃ እየበላ በግ ቅባት ያለው ፋጉሎ ሲያመነዥግ ልይ? ነውርም አይደል?

ስመኝ፦ ስለዚህ አስጾሟቸው።

ደብሪቱ፦ ብጾሙስ? ከብት መጾሙ በእኔ አልተጀመረም። በነነዌ ሰዉም ከብቱም ነው የጾመው።

ስመኝ፦ ነነዌ ሦስት ቀን ነው እትዬ። የእርስዎ ሁለት ወር ሊሆን ምንም አልቀረውም። ደግሞ የነነዌ በጎች ጾም ላይ እያሉ አውራ አልመጣባቸውም።

ደብሪቱ፦ አንቺ በምን አወቅሽ?

ስመኝ፦ መጥቶባቸው ቢሆን ቄሱ ሳይነግሩን አይቀሩም ነበር።

ደብሪቱ፦ በጾም ቀን አታስቂኝ። ዞር በይ።

ስመኝ፦ አልዞርም አልኩ። የግብርናው ልጅ ስብሰባ ላይ ሲናገር አብረን ቁጭ ብለን ነበር። አውራው ከመግባቱ ጥቂት ሳምንት አስቀድማችሁ እናቶቹን ፋጉሎና ፉሩሽካ ጨምሩላቸው፣ ሥጋ ማንሳት ሲጀምሩ ነው አውራ የሚፈልጉት፣ መንታም የሚይዙት ያን ጊዜ ነው፣ ከከሱ ግን አውራውን ዞር ብለው አያዩትም አለ። እርስዎም ሰምተዋል።

ደብሪቱ፦ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ስመኝ፦ የት ወሰደዎት። «ይሄ ልጅ ሚስት ሳያገባ እኛን እርግዝና ያስተምረናል» ብለው ጎንዎ የነበሩትን ሁሉ አስቀው ስብሰባውን የበተኑት እርስዎ አይደሉ?

ደብሪቱ፦ ውሸቴን ነው? አላገባም እኮ።

ስመኝ፦ አለማግባቱ በጎቹን ምን አገባቸው? አውራው በገባ ቀን ምን እንዳደረገ አብረን አይተናል። አንዷን አሸተተ፣ ሁለተኛዋን አሸተተ፣ ከዚያ ጥግ ሄዶ ተኛ።

ደብሪቱ፦ እሱም ጾም የያዘ መስሎኝ ነበር።

ስመኝ፦ እሱማ ምን ጎድሎበት። እናቶቹ ላይ ቆልፈው ለእሱ በጓሮ በኩል ፉሩሽካ በሳህን ሲያቀርቡለት አይቻለሁ።

ደብሪቱ፦ እንግዳ ነዋ። የሰው አደራ ነው። ከደብሪቱ ቤት አውራው አጥንቱ ወጥቶ መጣ እንዲሉኝ ነው የምትፈልጊው?

ስመኝ፦ እናቶቹስ የማን አደራ ናቸው?

ደብሪቱ፦ የቤት ልጅ ይችላል። የቤት ሰው ሁሉንም ይችላል፣ እንዲህ ነው ያደግነው። መጀመሪያ ለእንግዳ፣ ከተረፈ ለቤት።

ስመኝ፦ ከተረፈ።

ደብሪቱ፦ ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ከፍቼላቸዋለሁ። ሰው ሲፈታ እነሱም ይፍቱ ብዬ ጎተራውን በገዛ እጄ ከፍቼ ፋጉሎውን አትረፍርፌ ሰጠኋቸው። ይሄንንስ ለምን አታነሺም?

ስመኝ፦ እሱንማ እያነሳሁ ነው። እርስዎ ሲያስፈቷቸው አውራው የት ነበር?

ደብሪቱ፦ ጎረቤታችን ነጋሽ ቤት። ተራው አልፎ ሄዷል።

ስመኝ፦ ከዚያ እነሱ ምን አደረጉ? ከፋሲካ በኋላ ፋጉሎውን ጠግበው፣ ጭራቸውን እየቆሉ፣ አጥር ጥሰው ነጋሽ ግቢ የገቡት ምን ፈልገው ነበር?

ደብሪቱ፦ ሣር።

ስመኝ፦ ነጋሽ ቤት ሣር አለ?

ደብሪቱ፦ እሱስ ድንጋይ ብቻ ነው።

ስመኝ፦ ታዲያ መሲና በግ አጥር ጥሳ አውራ ፍለጋ ትሄዳለች? ለአውራ ደርሰው ነበር እኮ። በዱላ እየነዱ የመለሷቸው እርስዎ ነዎት። «ነውረኞች» እያሏቸው።

ደብሪቱ፦ የሰው ግቢ ገቡ ተብዬ መሰደብ ነበረብኝ? እሺ። እሺ፣ እንደ አፍሽ ይሁን፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አሁን ግን ባዶ ናቸው። በማንም ይሁን በማን፣ ባዶ ናቸው። ባዶ በግ ይሸጣል።

ስመኝ፦ ሁሉም ባዶ ቢሆኑ እሺ።

ደብሪቱ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ስመኝ፦ ቦቃን ይንኳት።

ደብሪቱ፦ ቦቃን ምን ልሁን ብዬ ነው የምነካት? ከስድስቱ ኮስማናዋ እሷ ናት። ሞላልኝም እሷን በምርቃት ነው የሚወስዳት።

ስመኝ፦ ገመዱን ያስቀምጡና ይንኳት። ከእርስዎ ይልቅ ለዚህ እጅ ያለው ሰው እዚህ አገር የለም። ሆዷን በቀኝ በኩል፣ ከሥር ወደ ላይ ቀስ አድርገው ገፋ ያድርጉት።

ደብሪቱ፦ አንቺ ነሽ ደግሞ እኔን የምታስተምሪኝ። ነይ እስቲ ወዲህ አንቺ ከሲታ። ቁሚ። ቁሚ ነው የምልሽ። የሰኔ ሣር ነፍቷት ነው እንጂ ምን አላት ብለሽ ... ቆይ።

ስመኝ፦ አልተንቀሳቀስኩም።

ደብሪቱ፦ ዝም በይ። ቆይ እስቲ። ይሄ ጠንካራው ምንድን ነው? ገፋ ሳደርገው ተመልሶ እጄን መታኝ።

ስመኝ፦ ምን ይመስልዎታል?

ደብሪቱ፦ ምን ይመስለኛል። ጭንቅላት ነዋ። የእናቴ አምላክ፣ ጭንቅላት ነው እኮ።

ስመኝ፦ አሁን ዳለቻን።

ደብሪቱ፦ ዳለቻም?

ስመኝ፦ ዳለቻም፣ ሻሼም። ዳለቻ ላይ እጅዎን ቆየት ያድርጉ። እኔ ሁለት መስሎኛል፣ እርስዎ ያረጋግጡልኝ።

ደብሪቱ፦ ሁለት ... አዎ፣ ሁለት ነው። ይሄ ወዲህ፣ ይሄ ወዲያ። ቀሪዎቹስ?

ስመኝ፦ ቀሪዎቹ ባዶ ናቸው፣ ነጋሽ ግቢ የገቡትም እነሱው ነበሩ። ይንኳቸው ከፈለጉ፣ እኔ ብዙ ጊዜ ነክቻቸዋለሁ።

ደብሪቱ፦ አይገባኝም። ቀይቱን የመሰለች ወፍራም ባዶ ሆና፣ ለመቆም የምትንገዳገደው ቦቃ እንዴት ያዘች? ከስድስቱ የባሱት ሦስቱ እኮ ናቸው የያዙት።

ስመኝ፦ ስላበላኋቸው ነው።

ደብሪቱ፦ ምን አብልተሽ? ቁልፉ ከአንገቴ ወርዶ አያውቅም። ተኝቼም አይወርድም።

ስመኝ፦ ቁልፉን መች ነካሁት። በጎተራው ጀርባ ጭቃው የተሰነጠቀበት አለ አይደል፣ እሱን በማንኪያ አሰፋሁት። ማታ ማታ በጣሳ አወጣለሁ፣ ጠዋት በጭቃ እመርገዋለሁ።

ደብሪቱ፦ አይጥ ነው ብዬ ነበር።

ስመኝ፦ አውቃለሁ።

ደብሪቱ፦ ከእህቴ ቤት ድረስ ሄጄ ድመት አመጣሁ። በጾም፣ በፀሐይ፣ ድመት በጆንያ ተሸክሜ።

ስመኝ፦ ጎበዝ ድመት ናት። እኔን ግን አልያዘችኝም።

ደብሪቱ፦ አንቺ ሌባ።

ስመኝ፦ አዎ፣ ሰርቄያለሁ። በጾም ነው የሰረቅኩት፣ ከባሌ እናት ነው የሰረቅኩት። ለነፍስ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። «ጸጽቶሻል ወይ?» አሉኝ። አልጸጸተኝም አልኳቸው። እንደገና ቢሆንም እሰርቃለሁ።

ደብሪቱ፦ ምን አሉሽ?

ስመኝ፦ «ለስንት በግ ነው?» አሉኝ። ለሦስት አልኳቸው። «ሦስቱን ብቻ ለምን?» ብለው እሱን ነው የተቆጡኝ።

ደብሪቱ፦ እውነትም ሦስቱን ብቻ ለምን?

ስመኝ፦ ለስድስቱ ብወስድ በማግስቱ ያውቁብኝ ነበር። ስለዚህ በጣም የከሱትን መረጥኩ። ማታ ጣሳውን ይዤ ስገባ ሌሎቹ ሦስቱም አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ቀይቱ እጄን ትልሰኛለች። ፊቴን አዙሬ ነበር የማልፋት። ምን እንደተሰማኝ እርስዎ አያውቁትም።

ደብሪቱ፦ መጥተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር? እትዬ፣ እንዲህ ነው፣ በጎቹ ይመገቡ ብትይኝ?

ስመኝ፦ ነግሬዎት ነበር።

ደብሪቱ፦ መቼ? ስለ በጎቹ አንድ ቀን አንስተሽ አታውቂም።

ስመኝ፦ ስለ በጎቹ አይደለም። አምና በሁዳዴ። ያዞረኛል እትዬ፣ ካረገዝኩ ሦስት ወሬ ነው፣ ትንሽ ነገር ጠዋት ልቅመስ አልኩዎት።

ደብሪቱ፦ እሱን አሁን ምን አመጣው?

ስመኝ፦ «እኔ ሰባቱንም በጾም ነው ያረገዝኩት፣ አንዲት ቀን አልገደፍኩም» አሉኝ።

ደብሪቱ፦ እውነቴን ነው የነገርኩሽ።

ስመኝ፦ ሰባት። ከሰባቱ ስንቱ አለልዎት?

ደብሪቱ፦ አንድ ባልሽ አለ። ይሄንን ልትጠሪብኝ ነው በሩ ላይ የቆምሽው?

ስመኝ፦ ልጠራብዎት አይደለም።

ደብሪቱ፦ እግዜር ሰጠ እግዜር ወሰደ ብዬ ነው የኖርኩት። ስድስት ጊዜ ነው እንደዚያ ያልኩት። አሁን አንቺ ትናንት መጥተሽ በገዛ እጅሽ ነው ልትዪኝ ነው? እንደ በጎቹ?

ስመኝ፦ አላልኩም። ማንም እንደዚያ ሊልዎት አይችልም። የእኔውም ፅንስ ለምን እንደ ወረደ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያን ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመስኩም፣ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ፣ ዳገቱ ላይ ጨለመብኝ። ጤና ጣቢያ ነርሷ «ዛሬ ምን በልተሻል?» አለችኝ። ደሜ እየፈሰሰ እኔ ያፈርኩት ባለመብላቴ ነበር። ሌላ ነገር ሁሉ ረስቻለሁ፣ ያን ማፈሬን ግን እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም።

ደብሪቱ፦ ነፍስ አባታችን እኮ ያኔም ነፍሰ ጡር ትብላ ብለውሻል።

ስመኝ፦ እሳቸው ብለዋል። እርስዎ ነዎት «ቄሱ ይበሉ፣ ጎረቤት ግን ያያል» ያሉኝ።

ደብሪቱ፦ ብያለሁ?

ስመኝ፦ ብለዋል። ለዚህ ነው ዘንድሮ ለበጎቹ ልጠይቅዎት ያልመጣሁት። ለእኔ ያልተከፈተ ጎተራ ለቦቃ ይከፈታል ብዬ አላሰብኩም።

ደብሪቱ፦ እኔ ክፉ ሰው ነኝ በይኛ።

ስመኝ፦ ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ትቼዎት ሄጄ ነበር።

ደብሪቱ፦ እሺ። ይበቃል። እርጉዞቹ ሦስቱ ይቅሩ። ለሞላልኝ ባዶዎቹን ሦስቱን እሰጠዋለሁ፣ እሱም ባዶ እጁን አይመለስ፣ አንቺም ተደሰቺ።

ስመኝ፦ አይሆንም።

ደብሪቱ፦ ደግሞ ምን ቀረሽ?

ስመኝ፦ እነዚህ ባዶ የሆኑት እኛ ስላስራብናቸው ነው። አስርበን ባዶ አድርገን፣ ባዶ ናችሁ ብለን እንሽጣቸው? የአውራው ተራችን መስከረም ላይ ይመለሳል። ነሐሴን ፋጉሎና ፉሩሽካ ጨመር ከተደረገላቸው ይይዛሉ። ስድስቱም ይቆያሉ።

ደብሪቱ፦ ነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ነው።

ስመኝ፦ ፍልሰታ ለእኛ ነው።

ደብሪቱ፦ ስድስቱም ካልቆዩስ?

ስመኝ፦ ሦስቱ ሲወጡ እኔም አብሬ እወጣለሁ።

ደብሪቱ፦ ወዴት ነው የምትወጪው?

ስመኝ፦ አባቴ ቤት።

ደብሪቱ፦ አብደሻል። ደምሰው ከሥራው ሲመጣ ሚስቴስ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?

ስመኝ፦ መሲና ሆነችብኝ፣ ሸጥኳት ይበሉት።

ደብሪቱ፦ ስመኝ። እኔ አንቺን አንድ ቀን መሲና ብዬሽ አላውቅም።

ስመኝ፦ አላሉኝም። ሰዎች በዚያ ቤት የሚወልድ የለም ሲሉ ዝም ብለው ተነሱ እንጂ።

ደብሪቱ፦ ምን እንድላቸው ነበር የፈለግሽው?

ስመኝ፦ ውሸት ነው ቢሏቸው ይበቃኝ ነበር።

ደብሪቱ፦ ማስረጃ ሳይኖረኝ? ሦስቱ በጎች ማርገዛቸውን ያወቅኩት እኮ አሁን ነው።

ስመኝ፦ ስለ በጎቹ አላልኩም። እኔ ይሄን የሰኔ ጾም አንድም ቀን አልያዝኩም እትዬ። ይወቁት። ጠዋት ጠዋት ስበላ ነው የከረምኩት።

ደብሪቱ፦ ለምን?

ስመኝ፦ ለምን ይመስልዎታል?

ደብሪቱ፦ ስንተኛ ወርሽ ነው?

ስመኝ፦ ደምሰው ለፋሲካ መጥቶ የሄደ ጊዜ ነው። ሦስት እየሆነኝ ነው።

ደብሪቱ፦ ሦስት ወር። ሦስት ወር ሙሉ ከእኔ ጋር አንድ ጣራ ሥር እየዋልሽ እያደርሽ። ለምንድን ነው የደበቅሽኝ?

ስመኝ፦ እንዳይቆልፉብኝ።

ደብሪቱ፦ ወይ እኔ።

ስመኝ፦ ሊያለቅሱ ነው?

ደብሪቱ፦ ዝናቡ ነው። ማን ያውቃል ሌላ?

ስመኝ፦ ነፍስ አባታችንና ቦቃ።

ደብሪቱ፦ እዚህ በረት ድንጋይ ላይ ቁጭ በይ። ከበሩ መቆሙን ተይው፣ ቁጭ በይ አልኩሽ፣ ማንም አይወስድብሽም። ጠዋት ጠዋት እበላ ነበር ያልሽው ምንድን ነው የምትበዪው?

ስመኝ፦ ቆሎ።

ደብሪቱ፦ ሌላስ?

ስመኝ፦ ቆሎና ውሃ። አንዳንድ ቀን የቀዘቀዘ ድንች።

ደብሪቱ፦ የት ሆነሽ?

ስመኝ፦ ከበረቱ ጀርባ። ቆሜ።

ደብሪቱ፦ ለበጎቹ ፋጉሎ ሰርቀሽ ለራስሽ ቆሎ? ዶሮዎቹ እኮ በየቀኑ እንቁላል ይጥላሉ። ጓዳ ውስጥ ሞልቷል፣ ፋሲካ ነው የሚመስለው።

ስመኝ፦ እንቁላል ቢጠበስ ሽታው ይወጣል። በቅቤ ደግሞ ከሆነ ወንዙ ማዶ ድረስ ነው የሚሄደው።

ደብሪቱ፦ ሞላልኝ! ሂድ ወደ ቤትህ፣ የሚሸጥ የለም። ምን? የለም አልኩህ እኮ። ለምን? እርጉዞች ናቸው። አዎ፣ ሁሉም። ለሚጠይቅህ ሁሉ እንደዚያው ብለህ ንገር።

ስመኝ፦ ሁሉም አይደሉም እኮ እትዬ። ሦስቱ ገና ...

ደብሪቱ፦ እስከ መስከረም ይሆናሉ። ተነሺ፣ እጄን ያዢና ተነሺ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል። ቤት ግቢና እሳቱ ዳር ቁጭ በይ። ሦስት እንቁላል እሰብርልሻለሁ፣ ቅቤም ጣል አደርግበታለሁ።

ስመኝ፦ እትዬ፣ ጾም ነው። ነጋሽ ቤት ሰው ተሰብስቧል፣ የማኅበሩ ሴቶች በሙሉ እዚያ ናቸው። ይሸታቸዋል።

ደብሪቱ፦ መስኮቱን ክፈቺው እንዲያውም።